እግረኛውም ይቆጠር



ዛሬ ወደዚህ ስትመጡ «በምን መጣችሁ?» ብንላችሁ አንዱ «በታክሲ»፣ ሌላው «በአውቶቡስ»፣ ሌላው ደግሞ «በእግሬ» ይለናል። ቀላል ጥያቄ ይመስላል። ነገር ግን ይኸው ጥያቄ ለብዙ ሰው ቀርቦ መልሱ ሲደመር የትኛው መንገድ እንደሚሠራና የትኛው ሰፈር አውቶቡስ እንደሚያገኝ ለመወሰን ይጠቅማል። ስለዚህ መልሱ እንዴት እንደሚቆጠርና በሥዕል እንዴት እንደሚገለጽ ማወቅ የሁላችንም ጉዳይ ነው።

በዛሬው ጊዜ ይህን ሥራ የሚያቃልል የኮምፒዩተር ፕሮግራም አለ። አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ሰንጠረዥ ይዘጋጃል። ከላይ ወደ ታች ዓመታቱ ይጻፋሉ። ከግራ ወደ ቀኝ የጉዞው ዓይነት ይጻፋል፦ በእግር፣ በአውቶቡስ፣ በታክሲ፣ በባቡር፣ በቤት መኪና። በየሳጥኑ የተጓዡ ቁጥር ይሞላል። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ እያንዳንዱ የጉዞ ዓይነት ከመቶ ስንት እንደሆነ ያሰላና ለያንዳንዱ አንድ መስመር ይስላል። ይህ ሥዕል ግራፍ ይባላል። መስመሩ ሽቅብ ከወጣ ድርሻው ጨምሯል፤ ቁልቁል ከወረደ ቀንሷል ማለት ነው።

ታዲያ ፊደል የለየ ሰው ውሉን ሳያነብ እንደማይፈርም ሁሉ፣ ግራፍንም ሳናነብ «እሺ» ማለት የለብንም። ስናነብ ሦስት ነገሮችን እንጠይቅ።

አንደኛው «በጠቅላላው ስንት?» የሚለው ነው። ምሳሌ እንውሰድ። በአንድ ከተማ 100 መንገደኞች ተቆጠሩ እንበል። 60ዎቹ እግረኞች ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከተማው አደገና 200 መንገደኞች ተቆጠሩ። ከነዚህ 100ዎቹ እግረኞች ሆኑ። የእግረኛው ድርሻ ከ60 በመቶ ወደ 50 በመቶ ስለወረደ መስመሩ ቁልቁል ይሳላል። ይህን ያየ ሰው «እግረኛው እየቀነሰ ነው፤ የእግረኛ መንገድ ምን ያደርጋል?» ሊል ይችላል። ለካ እግረኛው ከ60 ወደ 100 ነው የጨመረው!

ሁለተኛው «የየት አካባቢ ነው?» የሚለው ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 በአውቶቡስና በባቡር ወደ ሥራ የሚሄደው በአገሪቱ በሙሉ ከመቶ 5 ያህል ብቻ ነበር። በኒውዮርክ ከተማ ግን ከሠራተኛው ከግማሽ በላይ የሚሄደው በነዚሁ ነበር። የአገሩ መስመር ብቻውን ቢሳል ኒውዮርክ አይታይም።

ሦስተኛው «ሰዎቹ የተጠየቁት ምንድን ነው?» የሚለው ነው። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ሠራተኛው ወደ ሥራ በምን እንደሚሄድ መጠየቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። በአሁኑ መጠይቅ የሚመዘገበው አንድ መልስ ብቻ ነው፤ እሱም የጉዞውን አብዛኛውን ርቀት የሸፈነው። አንዲት ሴት ሩብ ሰዓት በእግሯ ሄዳ አውቶቡስ ብትይዝ «በአውቶቡስ» ተብላ ትጻፋለች። እግሯ አይቆጠርላትም። ገበያ መሄዷ፣ ልጇን ትምህርት ቤት ማድረሷም በዚህ ጥያቄ ውስጥ የለም። ቆጠራው አይጠቅምም ማለታችን አይደለም። በኮሮና በሽታ ምክንያት ቤቱ ሆኖ የሚሠራው ሰው እ.ኤ.አ. በ2019 ከመቶ 6 ያህል ከነበረው በ2021 ወደ 18 ያህል ማደጉ የታወቀው በዚሁ መጠይቅ ነው። ግን ያልተጠየቀ ነገር በግራፍ ላይ አይወጣም።

ወደ አገራችን እንምጣ። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ የሚበልጠው በእግር ነው። ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። ሰው ግን እስከ ባቡሩ ጣቢያ በምን ይደርሳል? አብዛኛውን ጊዜ በእግሩ ነው። በከተማው በመኪና አደጋ ከሚሞቱት ውስጥ ብዙዎቹ እግረኞች ናቸው። በሰንጠረዡ ላይ ለእግረኛው ሳጥን ካልተሰጠው፣ በመንገዱ ላይም ቦታ እንዲሰጠው የሚከራከርለት ማስረጃ አይኖረውም።

እኛም ራሳችን ጥፋት አለብን። «በምን መጣችሁ?» ስንባል «በታክሲ» ብለን እንገላገላለን። እስከ ታክሲ ተራው ድረስ ታዲያ ማን ተሸከመን? ስለዚህ ጠያቂ ሲመጣ «20 ደቂቃ በእግሬ፣ ከዚያ በታክሲ» ብለን በሙሉ እንመልስ።

ኮምፒዩተር የሌለንም ብንሆን ሥራው አያቅተንም። አንድ የገበያ ቀን ጠዋት መንገድ ዳር ቆመን እግረኛውን፣ ጋሪውን፣ ባጃጁን፣ መኪናውን ለየብቻ በወረቀት ላይ እናስምር። በሌላ ዓመት በዚያው ቦታና በዚያው ሰዓት እንድገመው። ሰዓቱና ቦታው ከተለዋወጠ ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ድካማችን ከንቱ ነው። በትክክል ከቆጠርን የእግረኛ መንገድ ስንጠይቅ ወረቀታችንን ይዘን እንቀርባለን።