ስለ ታሪክ ትርኢትና ስለ እንስሳት መብት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)





 ለንግግሬ ምክንያት የሆነኝ ባለፈው የካቲት 23 ቀን በዚሁ አዳራሽ የተነሣው ክርክር ነው።

እንደምታስታውሱት የታሪክ ክበባችን የዐድዋን ድል ለማክበር ትርኢት አዘጋጅቶ ነበር። በጠረጴዛው ላይ የቆዳ ጋሻ፣ የነብር ለምድ፣ የጎሽ ቀንድ ዋንጫና አንድ የአርበኛ ጎፈር ተደርድረው ነበር። ጎፈሩን ከቤታችን ያመጣሁት እኔ ነበርሁ፤ በራሴም ላይ ደፍቼ «ይህ የአንበሳ ጎፈር ነው» እያልሁ ለጎብኚዎች አስረዳ ነበር። በዚህ መካከል አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እጅዋን አንሥታ፣ «ሰዎቹ ስለ አገራቸው ሞቱ፤ ነብሩስ ስለ ምን ሞተ? አራዊትን መጠበቅ ይገባል እየተባልን እየተማርን፣ ቆዳቸውን ለክብር የምናሳየው ስለ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች።

አዳራሹ ሳቀ። ከሁሉ አብልጬ የሳቅሁ እኔ ነኝ። አንድ ሽማግሌ ግን አልሳቁም፤ «የአባቶቻችንን ልብስ ትነቅፋለች ወይ?» ብለው ተቆጥተው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ በየክፍሉ እያከራከረ ይገኛል። ግማሾቹ «ከእንግዲህ ቆዳ የሚባል ነገር በትምህርት ቤት አይታይ» ይላሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ «ይህ ከውጭ የመጣ ወሬ ነው» ብለው ይንቁታል። እኔም በመጀመሪያ ከሁለተኞቹ ወገን ነበርሁ። ዛሬ ግን ከሁለቱም ወገን አይደለሁም፤ ምክንያቱን ላስረዳ።

ታሪካችንን ያነበበ ሰው እንደሚያውቀው፣ በቀድሞ ዘመን ከደጋ ወደ ጠረፉ ቆላ ወርዶ ዝሆን፣ አንበሳ ወይም ጎሽ የገደለ ሰው ገዳይ ተብሎ ይከበር ነበር፤ በግብር ላይም ይፎክር ነበር። ይህ እውነት ስለ ሆነ ሊሰወር አይገባውም። ዳሩ ግን በዚያ ዘመን አውሬው ብዙ፣ ጥይቱ ጥቂት ነበር፤ ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሏል። በመጋቢት ወር 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሕገ ወጥ ነጋዴዎች የተያዘ 61 ኩንታል ያህል የዝሆን ጥርስ በአዲስ አበባ አቃጥሏል። የዐፄ ቴዎድሮስ የትውልድ አገር በሆነው በቋራ ምድር፣ በአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ፣ አንበሳ መኖሩን ተመራማሪዎች በካሜራ ያረጋገጡት በ2008 ዓ.ም. ነው። አንበሳ መገኘቱ ለዓለም ወሬ እስኪሆን ድረስ ከደረስን፣ ጎፈር የደፋ ልጅ ቢጠየቅ ሊያስቅ አይገባም ነበር።

በሌላ ወገን ደግሞ፣ ከእንስሳ የተገኘ ሁሉ ከፊታችን ይነሣ ብንል የት ላይ እንቆማለን? መጻሕፍታችን የተጻፉት በፍየልና በበግ ብራና ነው። የከበሮው ፊት ቆዳ ነው፤ የበገናው ዐሥር አውታር ከበግ አንጀት የተሠራ ነው፤ የመሰንቆው ክር የፈረስ ጭራ ነው። ይህን ሁሉ ብናስወጣ ታሪክ አይቀርልንም። ደግሞም ለፋሲካ ዶሮ ወጥ በልቶ፣ የቆዳ ጫማ አድርጎ፣ የአያቱን ጋሻ የሚነቅፍ ሰው አስቀድሞ ራሱን መመርመር ይገባዋል።

ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? የሚመስለኝ ነገሩ ያለው በአቀራረባችን ላይ ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ከመቅደላ የተወሰደ የዐፄ ቴዎድሮስ ጠጉር ለብዙ ዘመን በለንደን ሙዚየም ተቀምጦ ከቆየ በኋላ በመጋቢት ወር 2011 ዓ.ም. ለአገራችን ተመልሷል። ጠጉሩ የታሪክ ምስክር መሆኑን ማንም አልካደም፤ ነገር ግን የሞተን ሰው ገላ እንደ ምርኮ መያዝ ክብር የሌለው ሥራ መሆኑን አስረድተን ጠየቅን። ንጉሥን ከአውሬ ጋር ማነጻጸሬ አይደለም። ነገር ግን «ታሪክ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን መልስ እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን።

እንዲሁም ስለ እንስሳት የምንናገረው ስለ ገደልናቸው ብቻ መሆኑ ትልቅ ጉድለት ነው። ከዚህ ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖልን እናውቃለን፤ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን መድፍ እስከ መቅደላ በስድስት ወር ጎትቶ ያደረሰው ሰው ነው። በዚያው በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከባድ መድፎቻቸውን ያሸከሙት ከሕንድ ባመጧቸው 44 ዝሆኖች ነበር፤ በዙላ ወደብም እጅግ ብዙ በቅሎዎች በውኃ ጥምና በበሽታ አልቀዋል። ይህን በትርኢታችን ላይ የጻፈ አለን? ነገሥታቱ እንኳ በፈረሳቸው ስም አባ ታጠቅ፣ አባ በዝብዝ፣ አባ ዳኘው ሲባሉ፣ የፈረሶቹ ሥዕል በጠረጴዛችን ላይ የለም።

በሬንም እናስብ። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ የአገራችንን ከብት አብዛኛውን ፈጀው። የሚያርስ በሬ ጠፋ፤ እስከ 1885 ዓ.ም. የቆየው ክፉ ቀን መጣ፤ ዐፄ ምኒልክም ለሕዝቡ ምሳሌ ለመሆን ዶማ ይዘው ቆፈሩ። በበሬ ሞት ምን ያህል ሰው እንደሚሞት አባቶቻችን ያን ጊዜ አዩ። በሽታው ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው። የጉና ገበሬ ዛሬም የሚያርሰው በበሬ ስለ ሆነ ይህ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም።

አሁን ወደ ጎፈሩ ልመለስ። ከክርክሩ በኋላ ለአያቴ ነገሩን ሁሉ አጫወትኋቸው፤ ልጅቱን የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፣ «ልጄ፣ የአንበሳ አይደለም እኮ፤ የጭላዳ ጠጉር ነው። አባቴ አንበሳ አልገደለም። ጣሊያንን ግን ተዋግቷል፤ ይህ አይበቃውም?» አሉኝ።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በመምህራንና በወላጆች ፊት ሐሰት ደፍቼ ቆሜ ነበርና። ያቺ ልጅ ባትጠይቅ ኖሮ እኔም ሳልጠይቅ እቀር ነበር። ይህን ዛሬ በሕዝብ ፊት መናገሬ አባቴን ደስ እንደማያሰኘው አውቃለሁ፤ አያቴ ግን ፈቅደውልኛል።

ስለዚህ ለክበቦቻችን አራት ነገር አሳስባለሁ።

አንደኛ፤ ለትርኢት ተብሎ አዲስ ቆዳ፣ ቀንድ ወይም ጥርስ አይገዛ። ለቲያትር የሚሆን ጎፈር ከቃጫ ሊሠራ ይችላል።

ሁለተኛ፤ በቤተሰብ እጅ የቆየ ዕቃ ሲመጣ፣ ከምን እንስሳ እንደ ተሠራ፣ የማን እንደ ነበረና እንስሳው ዛሬ በምን ሁኔታ እንደሚገኝ ተጽፎ አጠገቡ ይቀመጥ። ያልተረጋገጠ አይጻፍ።

ሦስተኛ፤ በሬው፣ በቅሎው፣ ፈረሱና አህያው በታሪካችን የሠሩት ሥራ የራሱ ቦታ ይሰጠው።

አራተኛ፤ ለሰልፍ የሚመጣ ፈረስ ጀርባው የቆሰለ እንዳይሆን ይታይ፤ ውኃና ጥላ ሳያገኝ ቀኑን ሙሉ አይቁም። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የበለዓምን አህያ ታሪክ ስማር፣ ጌታዋ ያላየውን አይታ በከንቱ መመታትዋ ሁልጊዜ ያሳዝነኝ ነበር። የሰንበት ዕረፍትም ለሰው ብቻ ሳይሆን ለበሬና ለአህያም የታዘዘ መሆኑን አንርሳ።

በመጨረሻም ተቆጥተው የወጡትን አባት፣ የአባቶቻችንን ክብር ማንም አልነካም ብዬ በትሕትና አስታውሳቸዋለሁ። ያቺን እኅቴን ደግሞ በሳቅሁባት አዳራሽ ቆሜ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። እኔ በዚህ ዓመት ትምህርቴን ጨርሼ እሄዳለሁ፤ ጎፈሩ ግን ለሚመጣው የካቲት 23 በክበቡ እጅ ይቆያል። በአጠገቡ የሚቀመጠውን ወረቀት አያቴ በቃል አስጽፈውኛል፤ «የጭላዳ ጠጉር፤ ባለቤቱ አርበኛ ነበር» የሚል ነው።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንንና አገራችንን ይባርክ።