እርሾ እንዴት ያረጃል?

(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



የበዓሉ ኮሚቴ «ያን የዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂህን ለተሳፋሪ ብቻ አታውራው» ብሎ ስላዘዘኝ ነው እዚህ የቆምኩት። ርእሴ እርጅና ነው፤ የማወራው ግን ስለ እርሾ ነው። ዛሬ የቀረበልንን ድፎ ዳቦ ኩፍ ያደረገው፣ ጠጁንም ያፈላው እሱ ነው።

እርሾ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጡር ናት። የምትራባው ከጎኗ እንደ እምቡጥ የምታብጥ ልጅ አውጥታ ሲሆን፣ ልጅቱ ስትለያት በእናትየዋ ገላ ላይ ጠባሳ ይቀራል። በ1959 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሞርቲመርና ጆንስተን የተባሉ ተመራማሪዎች ልጆቹን በማይክሮስኮፕ ሥር አንድ በአንድ እየለዩ ቆጠሩ። እናት የምትወልደው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው፤ እንደ ዝርያዋ በአማካይ ከ20 እስከ 30 ጊዜ ያህል ወልዳ ትሞታለች።

እኔን የሚገርመኝ የልጅቱ ነገር ነው። እጅግ ካረጀች እናት ካልተወለደች በቀር ዕድሜዋን ከዜሮ ትጀምራለች። የተበላሹት ፕሮቲኖች በአብዛኛው እናትየዋ ዘንድ ይቀራሉ። ሲንክለርና ጓረንቴ በ1997 እንዳሳዩት፣ ከክሮሞዞም ተገንጥለው የሚባዙ የዲ.ኤን.ኤ. ቀለበቶችም እዚያው እናት ውስጥ ይከማቻሉ። ሸክሙን ለራሷ አስቀርታ ልጇን ቀላል አድርጋ ትሸኛለች። ይህን ሰምቶ የገዛ እናቱን ያሰበ አይፈረድበትም።

በ1999 የጓረንቴ ላቦራቶሪ «ሰር 2» የተባለውን ጂን አንድ ቅጂ ጨምሮ የእርሾን ዕድሜ አስረዘመ። በ2003 ደግሞ በቀይ ወይን ውስጥ የሚገኘው ሬስቬራትሮል የዚህን ጂን ፕሮቲን አነቃቅቶ የእርሾን ዕድሜ ያራዝማል የሚል ጥናት ወጣ። በ2005 ሌሎች ተመራማሪዎች በሌሎች የእርሾ ዝርያዎች ሞክረው ዕድሜ ሲረዝም አላዩም። ክኒኑ ግን ከገበያ አልወጣም።

ይህን የማነሣው በምክንያት ነው። ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ከማደርሳቸው ወገኖቼ መካከል ለአገር ቤት እናታቸው «ዕድሜ የሚያራዝም» ክኒን በሻንጣ ይዘው የሚሄዱ አሉ። እናትየዋ የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ገንዘቡ ለእሱ ቢውል እኔ እመርጣለሁ። የግድ ይላክ ከተባለም፣ ከምትወስደው መድኃኒት ጋር እንዳይጋጭ አስቀድሞ ሐኪሟ ይጠየቅ።

ከእርሾ ጠቃሚ ነገር አልተገኘም ማለቴ አይደለም። በ1991 የባዝል ተመራማሪዎች ራፓማይሲን የተባለው መድኃኒት የሚያርፍበትን «ቶር» የተሰኘ ጂን ያገኙት በእርሾ ላይ ነው። በ2009 ይኸው መድኃኒት የአይጦችን ዕድሜ አራዘመ። በሰው ላይ ግን ዕድሜ ለማራዘሙ እስካሁን ማረጋገጫ የለም። ኩላሊት ለተተከለላቸው ሰዎች የሚሰጥ፣ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት ስለሆነ እሱንም ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቱት።