ፔጆ 404 በፈረስ መጋላ፦ «ኢንጀክሽን ናት» ሲባል እንዴት ይመረመራል?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ፈረስ መጋላ፣ ስሙ እንደሚያስረዳው፣ ጥንት የፈረስ ገበያ ነበረ። በኋላ አደባባዩን ለብዙ ዓመታት ይዛ የኖረችው ግን ፔጆ 404 ታክሲ ናት። ዛሬ ስለ ውበቷ ለመናገር አልቆምሁም። የድሮ መኪና ፈላጊ ሲመጣና «ይህች ኢንጀክሽን ናት» ተብሎ ከፍ ያለ ዋጋ ሲጠራባት፣ እውነቱን እንዲመሰክር የሚጠራው ከእኛ አንዱ ነው። የባለታክሲው ጥሪትም የገዢው ገንዘብም በዚያ ሰው ቃል ላይ ያድራል።

404 እ.ኤ.አ. በ1960 ስትወጣ ቅርጿን የነደፈው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነበር። ተራዋ 1618 ሲሲ ሞተር በካርቡራቶር ይሠራል፤ ጥቂት ቆይቶ ኩግልፊሸር በተባለ ፖምፓ ቤንዚን የሚረጭላት ዓይነት ተጨመረ። 404 የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 ማሸነፏ ስሟን በአካባቢያችን አገነነው። ኢንጀክሽኗ ከተራዋ ይልቅ በቁጥር አነስተኛ ስለሆነች ነው ማስመሰል የመጣው።

ምርመራው ከኋላ ከተለጠፈው ጽሑፍ አይጀምርም፤ እርሱን ማንም ነቅሎ ይተክለዋል። ኮፈኑ ተከፍቶ በሰሌዳው ላይ ከ404 ቀጥሎ «ኬ ኤፍ» የሚሉት ፊደሎች መኖራቸው ይታይ። ከዚያ በአካሉ ላይ የተቀጠቀጠው ቁጥር ከሰሌዳውና ከሊብሬው ጋር ይመሳከር። ሰሌዳው አርጅቶ ሪቬቶቹ አዲስ ከሆኑ ቆም ማለት ነው። የሞተር ቁጥር አለመግጠሙ ብቻውን ብዙ አይፈርድም፤ በታክሲ ዕድሜ ሞተር ይለወጣል። እኔ አብልጬ የማምነው ከወለሉ ሥር ያለውን ነው፤ ኢንጀክሽን የተረፈውን ቤንዚን ወደ ሰልባትዮ የሚመልስ ቧንቧ አላት። ፖምፓውን የሚነቅል መካኒክ ይህን ቧንቧ ለመንቀል ብዙ ጊዜ አይደክምም፤ ለማስመሰል የሚሠራውም ብዙውን ጊዜ ይረሳዋል።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር ይነሣል። ይህ ፖምፓ ልዩ መሣሪያና መለዋወጫ የሚሻ ስለሆነ፣ ሲበላሽ ካርቡራቶር መግጠም የጋራዥ ወግ ነው። ታዲያ እንዲህ ሞዲፊክ የተደረገች መኪና ሐሰተኛ ናትን? አይደለችም። ኢንጀክሽን ሆና ተወልዳ በካርቡራቶር የኖረች ናት፤ የምስክር ወረቀቱም ይህንኑ ይበል። ከወደቀች መኪና የተነቀለ ፖምፓ የተገጠመላት ተራ 404 ግን፣ ምንም ያህል ብትፈጥን፣ ኢንጀክሽን ተብላ ልትሸጥ አይገባም።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ሰይቼንቶ እያልን የምንጠራትን ፊያት 600 ያስፈጠናት፣ እ.ኤ.አ. በ1949 የተመሠረተው አባርት፣ የተሟላ መኪና ከመሸጡም በላይ ለባለንብረቶች የመለወጫ ዕቃ በሣጥን ይሸጥ ነበር። ስለዚህ ዕቃው እውነተኛ የአባርት መሆኑ መኪናይቱ ከአባርት መውጣቷን አያረጋግጥም። መርማሪው ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ከፋብሪካ ምን ሆና ወጣች? ከዚያ ወዲህስ ማን ምን አደረገባት?

ለሁለተኛው ጥያቄ በሐረር የሚገኘው መዝገብ አብዛኛውን ጊዜ የሽማግሌ መካኒክ ትዝታ ነው። ሄደን እንጠይቃቸው። የነገሩንን ግን በዓይናችን ካየነው ለይተን፣ «በቃል የተነገረ» ብለን ከነቀኑ እንጻፈው። «ኦሪጅናል» የሚለውን ቃል ብቻውን በወረቀት ላይ አኑሮ መፈረምን እኔ ትቼዋለሁ።