ስለ ራጅና ስለ ጨረር ሕክምና የተነገረ ንግግር

በሐዋሳ ከተማ መናኸሪያ ጎሕ ሲቀድ ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ አውቶቡሶች ይሰለፋሉ። ተጓዡ ብዙ ዓይነት ነው፤ ነጋዴ አለ፥ ተማሪ አለ፥ ዘመድ ጠያቂ አለ። ከነዚህም መካከል ሐኪም የጻፈላቸውን ወረቀት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው የሚሳፈሩ ሕመምተኞች ነበሩ። መንገዳቸው 275 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ መድረሻቸው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነበር፤ የጨረር ሕክምና በኢትዮጵያ ምድር ብዙ ዓመት በዚያ ብቻ ይገኝ ነበርና። ይህ ጨረር ምን እንደ ሆነና ከወዴት እንደ መጣ መምህራንና ሽማግሌዎች ቢያውቁት፥ ስለ እርሱ በየመንደሩ የሚወራው ፍርሃት ይቀንሳል።

ነገሩ የተጀመረው በጀርመን አገር በቩርዝቡርግ ከተማ ነው። ቪልሄልም ረንትገን የሚባል የፊዚክስ መምህር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥቅምት 29 ቀን 1888 ዓ.ም.፥ አየሩ በተመጠጠ የመስተዋት ቱቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያሳልፍ፥ ቱቦው በጥቁር ወረቀት ተሸፍኖ ሳለ፥ ራቅ ብሎ የነበረ በኬሚካል የተቀባ ሰሌዳ ሲያበራ አየ። ዓይን የማያየው ብርሃን ወረቀቱን ዘልቆ እንደ ወጣ ተረዳ፤ ምንነቱንም ስላላወቀ በሒሳብ ያልታወቀው ነገር በሚጠራበት ፊደል «ኤክስ» አለው። ታኅሣሥ 13 ቀን የሚስቱን የበርታን እጅ በፎቶግራፍ ሰሌዳ ላይ አኑሮ ጨረሩን ቢያሳልፍበት፥ የጣቶቿ ዐጥንትና የጋብቻ ቀለበቷ ጥላ ሆነው ወጡ። ስለዚህ ሥራው በ1894 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ግኝቱን ግን በስሙ አስመዝግቦ ሊያተርፍበት አልፈቀደም፤ ስለዚህም ማንም ሐኪም ያለ ከልካይ ሊሠራበት ቻለ።

በዚያው ዓመት የካቲት 23 ቀን የዐድዋ ጦርነት ሆነ፤ ጨረሩ ከታየ ገና አራት ወር አልሞላም ነበር። ከኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው ወደ ኢጣልያ ከተመለሱት ውስጥ፥ በናፖሊ የጦር ሆስፒታል ሌተና ኮሎኔል ጁዜፔ አልቫሮ የሚባል ሐኪም በሁለት ወታደሮች ክንድ የቀረውን ጥይት በዚህ ጨረር ፈልጎ አገኘ። ራጅ ለጦር ቁስለኛ ሲያገለግል ይህ የመጀመሪያው ነው ይባላል። እንግዲህ ኢትዮጵያዊው የተኮሰው ጥይት ሳያስበው በአዲሱ ጥበብ ታሪክ ውስጥ ስፍራ አገኘ ማለት ነው። ራጅ የሚለውም ስም ከኢጣልያኖች ቋንቋ የመጣ ሲሆን፥ ትርጓሜው ጨረሮች ማለት ነው።

አስተማሪው ይህን ለልጆች ለማስረዳት ቢፈልግ፥ በጨለማ ክፍል የእጅ ባትሪ አብርቶ በጣቶቹ ይክደነው። ሥጋው ቀልቶ ይታያል፤ ብርሃን በሥጋ ውስጥ ጥቂት ያልፋልና። ዐጥንቱ ግን አይለይም፤ ተራው ብርሃን በሥጋ ውስጥ ይበተናልና። ራጅ እምብዛም ሳይበተን ቀጥ ብሎ ያልፋል፤ በዐጥንት ውስጥ ያለው ካልሲየም ግን ይውጠዋል፤ ስለዚህ በሰሌዳው ላይ ዐጥንቱ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ይሁን እንጂ ጥላ የፊቱንና የኋላውን ደራርቦ ያሳያል። በደቡብ አፍሪካ የተወለደው አለን ኮርማክ በ1948 ዓ.ም. በኬፕ ታውን በግሩት ስኩር ሆስፒታል ሲሠራ፥ ይህን ጉድለት በሒሳብ ማረም እንደሚቻል አሰበ። እንግሊዛዊው ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ደግሞ ለብቻው ደክሞ በሠራው መኪና፥ መስከረም 20 ቀን 1964 ዓ.ም. የአንዲት ሕመምተኛን አእምሮ እንደ ተቆረሰ ድፎ ዳቦ ገጽ በገጽ አሳየ። ይህ መኪና ዛሬ ሲቲ ስካን የሚባለው ነው፤ ሁለቱም በ1972 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

ሽማግሌዎች «ጨረር ሰው ያቃጥላል» ሲሉ ሐሰት አይናገሩም። የኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ እጁን ደጋግሞ በራጅ ፊት በማኖሩ፥ እጆቹ ተቆርጠው እንኳ ሳይድን በ1897 ዓ.ም. ሞተ። ራዲየም የሚባለውን ማዕድን በ1891 ዓ.ም. ከባሏ ከፒየር ጋር ያገኘችው ማሪ ኩሪም ደሟ ተጎድቶ በ1926 ዓ.ም. ዐረፈች። ነገር ግን ጤናማውን ሥጋ የሚያቃጥለው ኀይል ክፉውን ዕባጭም እንደሚያቃጥል ሐኪሞች አስተዋሉ። የነቀርሳ ሕዋሳት እንደ ጤናማዎቹ ጉዳታቸውን መጠገን አይችሉም። ስለዚህ ጨረሩ በአንድ ጊዜ አይሰጥም፤ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ለሳምንታት ይሰጣል፤ ጤናማው ሥጋም በመካከሉ ያገግማል።

ለዚህ ሥራ በካናዳ አገር በ1944 ዓ.ም. ኮባልት 60 የሚባለው ንጥረ ነገር ተመረጠ። ወደ ጥቁር አንበሳ የገባውም የኮባልት መኪና ነበር፤ በዓለም አቀፍ የአቶሚክ ኀይል ድርጅት ርዳታ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ሥራ ጀመረ። ኮባልት ግን እንደ ፋኖስ ጋዝ እያደር የሚያልቅ ነው፤ በየ5 ዓመት ከ3 ወሩ ኀይሉ በግማሽ ይቀንሳል። ያን ጊዜ ለአንድ ሕመምተኛ 2 ደቂቃ ይበቃ የነበረው 4 ደቂቃ ይፈጃል፤ በቀን የሚታከመውም ሰው ያንሳል፤ ተራውም ይረዝማል። ሕመምተኛው ወራት ሲጠብቅ ነቀርሳው ግን አይጠብቅም ነበር። በኋላ በ2010ዎቹ ዓመታት ጨረርን በኤሌክትሪክ የሚያመነጭ መኪና በጥቁር አንበሳና በጅማ ተተከለ፤ እርሱ እያደር አይደክምም፤ መብራት ሲጠፋ ግን ይቆማል።

ሕመምተኛው ከመኪናው በታች ጥቂት ደቂቃ ይተኛል፤ ጨረሩ ሲያልፍ አይሰማውም። ሲነሣም በሰውነቱ ውስጥ ከመኪናው ጨረር የሚቀር የለም። ስለዚህ ከእርሱ ጋር በአንድ ማዕድ የበላ፥ ልጁንም ያሳቀፈው አይጎዳም፤ በየመንደሩ ሳህኑን የሚለዩበት ሰዎች በከንቱ ያሳዝኑታል።

በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከጡት ነቀርሳ ቀጥሎ የሚበዛው የማሕፀን ጫፍ ነቀርሳ ነው። የወር አበባ ከቆመ በኋላ የሚፈስ ደም ምልክቱ ሊሆን ይችላል፤ ሴቲቱ ግን ስለምታፍር ለባሏም ለልጆቿም አትናገርም። ቶሎ የመጣች እንደ ሆነ ጨረር ከመድኃኒት ጋር ሆኖ ሊያድናት ይችላል። ለዚህም ለሳምንታት ሕክምናው በሚሰጥበት ከተማ መሰንበት አለባት፤ የማደሪያውም ወጪ ከሕክምናው ይልቅ ይከብዳል። በዘገየች ጊዜ ግን ጨረሩ ደሙን ለማቆምና ሕመሙን ለማስታገሥ ብቻ ይሰጣል፤ ይህም ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀን ያልቃልና፥ ሴቲቱ ፈጥና በአውቶቡስ ወደ አገሯ ትመለሳለች።