ዘበኛ በጌታው ላይ ሲነሣ
(በሬዲዮ የተነገረ)



በአምባሰል የሚገኘው አምባ ግሸን ዙሪያው ገደል፣ መውጫው ጠባብ በመሆኑ የጥንት ነገሥታት እስከ 16ኛው መቶ ዓመት ድረስ የንጉሥ ልጆችን በዘበኛ ያስጠብቁበት እንደ ነበር ታውቃላችሁ። የሰው አንጎልና ኅብለ ሰረሰርም እንደዚያው አምባ የተከለሉ ናቸው። በዚያ ያሉት የደም ሥሮች ግድግዳ እጅግ የጠበቀ ስለ ሆነ፣ በደም ውስጥ የሚዘዋወር ሁሉ እንደ ልቡ አይገባም።

የሰውነታችን ዘበኞች ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። ከነዚህም ቲ ሴል የሚባሉት ባዕዱን ከቤተ ሰቡ ለይተው ያውቃሉ። መልቲፕል ስክለሮሲስ በሚባለው በሽታ ግን ከነሱ አንዳንዶቹ አጥሩን አልፈው ይገቡና ማይሊንን እንደ ጠላት ይቈጥሩታል። ማይሊን በነርቭ ላይ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ የተጠቀለለ ቅባታም ሽፋን ነው። ሽፋኑ ሲላጥ መልእክቱ ይዘገያል፤ አለዚያም ይቋረጣል። ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርኮ እ.ኤ.አ. በ1868 በሽታውን ከሌሎች ለይቶ ሲገልጥ በአንጎል ውስጥ ያየው የዚህን ጠባሳ ነበር።

ብዙ ዘመን ጥፋቱ ሁሉ በቲ ሴል ላይ ይላከክ ነበር። ኋላ ግን ቢ ሴል የተባሉትን የሚቀንስ መድኃኒት የሕመሙን ማገርሸት ሲያስታግሥ፣ እነሱም ተባባሪዎች መሆናቸው ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ከ10 ሚሊዮን የሚበልጡ አሜሪካውያን ወታደሮች መዝገብ ሲመረመር፣ ኤፕስታይን ባር የተባለው ቫይረስ የያዘው ሰው ለበሽታው ያለው ሥጋት 32 እጥፍ እንደሚያድግ ተገለጠ። ቫይረሱ ግን በዓለም ላይ ያልነካው ሰው ጥቂት ነው፤ በበሽታው የሚያዘውም ከብዙው ጥቂቱ ነው።

በአገራችን በሽታው እምብዛም አይታይም። ከሚነገሩት ምክንያቶች አንዱ እንግዳ ነው። በአርጀንቲና እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ ጥናት 12 የሆድ ትል ያለባቸው ሕመምተኞችና 12 ትል የሌለባቸው ለ4 ዓመት ተኩል ያህል ተጠበቁ። ትል ያለባቸው በጠቅላላው 3 ጊዜ ብቻ ሲያገረሽባቸው፣ የሌለባቸውን 56 ጊዜ አገረሸባቸው። ትሉ ለራሱ ደኅንነት ሲል ዘበኞቹን የሚያበርዱ ሴሎችን ያበዛል። ይህን ሰምቶ ግን በሐይቅም ሆነ በአምባሰል የልጁን ሆድ ትል የሚንከባከብ አባት አይኑር! ትል የልጅን ደምና ዕድገት ይበላል፤ የትል እንቁላል እንደ መድኃኒት የተሰጣቸው ሕመምተኞችም ይህን ያህል አልተጠቀሙም።

የእኔ ሥጋት ሌላ ነው። ብርቅ የሆነ በሽታ ይዘነጋል። አንዲት ወጣት አንድ ዓይኗን ያማትና ይደበዝዝባታል እንበል፤ በጥቂት ሳምንት ይመለስላታል። በዓመቱ እግሯ ይደነዝዛል፤ እሱም ጋብ ይላል። ቤተ ሰቡ ቡዳ ነው ወይም መጋኛ ነው ይላል፤ በሽታው በራሱ ጊዜ ሲለቅም ለመጨረሻው ሕክምና ምስጋናው ይሰጣል። ጠበሉን ተዉ አልልም፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ሕመምና ሁለተኛው በአንድ ወረቀት ላይ ቀናቸው ተጽፎ ለሐኪም ይቅረብ። እናንተ በመሥሪያ ቤት ያላችሁ፣ ከገጠር ዘመድ ሲመጣባችሁ ይህን መጻፍ አያቅታችሁም። ሁለቱ ካልተያያዙ ሐኪሙም የኤም አር አይ ምርመራ አያዝም።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሐኪሞችን በልዩ ትምህርት ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 ሪቱክሲማብን፣ ግላቲራመርንና ክላድሪቢንን ለዚህ በሽታ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። መድኃኒቶቹ የሞተውን ነርቭ አይመልሱም፤ የሚያስታግሡት ቀጣዩን ጥቃት ነው።