ደቦና ገበታው
ዛሬ ስለ ደቦ እናወራለን።

ጅማ አጠገብ፣ በማና ወረዳ፣ የቡ የምትባል የቡና ከተማ አለች። እዚያ አፋን ኦሮሞ ይነገራል፤ አማርኛም ይሰማል፤ ከየምና ከዳውሮ የመጣ ሰውም አይጠፋም። ታዲያ ማሳው አረም ሲበዛበት ደቦ ይጠራል።

ደቦ ከወንፈል ይለያል። ወንፈል እንደ ዕቁብ ነው፤ ዛሬ የሠራህልኝን ቀን በተራህ እመልስልሃለሁ። ደቦ ግን እንዲህ አይቆጠርም። የመጣው ጉልበቱን ይሰጣል፤ ጠሪው ደግሞ ያበላል፣ ያጠጣል። ድግሱ ካነሰማ፣ ሐሜቱ ከአረሙ ቀድሞ ይበቅላል!

የደቦኛው ቋንቋ ሲለያይስ? ለማረም ብዙ ወሬ አያስፈልግም። ወሬው የሚደራው ገበታው ሲቀርብ ነው። ያኔ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መሬቱ ወሰን፣ ስለ ቡናው ዋጋ፣ አንዱ በአፋን ኦሮሞ ሲጠይቅ ሌላው በአማርኛ ይመልሳል።