ስለ ነርሶች እግር
(ለተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



በሽተኛ ከዘጌም ይምጣ ከደቅ ደሴት፥ በፈለገ ሕይወት ወይም በጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ተኝቶ ሌሊት ሲጣራ የምትደርስለት ሲስተር ናት። ስለ በሽተኛው ሕመም ብዙ ይነገራል፤ ስለ ሲስተሯ እግር የሚጠይቅ ግን የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልብ ደምን በደም ቅዳ ወደ እግር ይልካል፤ መመለሻው ግን ዳገት ነው። ስለዚህ በደም መልስ ሥሮች ውስጥ ወደ ላይ ብቻ የሚከፈቱ ትንንሽ በሮች አሉ። የፓዱዋው መምህር ፋብሪሲየስ በ1603 እ.ኤ.አ. ጽፎባቸዋል፤ ጥቅማቸውን በትክክል የተረዳው ግን ተማሪው ሃርቪ ነው፥ በ1628። (መምህራኖቻችን በዚህ እንደማይቀየሙን ተስፋ አለን።) የጨረጨራን ግድብ በሮች ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ልዩነቱ የእግራችን በሮች ዘበኛ የሌላቸው መሆኑ ነው። ደሙን ሽቅብ የሚገፋው የባት ጡንቻ ነው፤ እርሱም የሚሠራው ስንራመድ ነው። ዝም ብሎ በቆመ ሰው ቁርጭምጭሚት ላይ የደም መልሱ ግፊት 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ይደርሳል፤ ሲራመድ ወደ 30 ይወርዳል። ለዓመታት ሲቆም ሥሩ ይለጠጣል፥ በሮቹ መግጠም ያቅታቸዋል፥ ደሙም ቁልቁል ይመለሳል። ቫሪኮስ የሚሉት ይህን ነው። የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀታችን ሥሩን ይበልጥ ያላላዋል። እርግጥ ዘርም፥ እርግዝናም፥ ውፍረትም ድርሻ አላቸው።

ሕመሙ ብዙ ጊዜ አይገድልም፤ ስለዚህም ይናቃል። ለተግባር ትምህርት በወጣንበት የሌሊት ተራ ግን ሲነጋ ጫማ የጠበባቸውን አይተናል። ቤታቸው ሲደርሱ ደግሞ ምጣድ ፊት ይቆማሉ፤ ሲተኙም የባት ቁርጥማት እንቅልፍ ይነሣቸዋል። ቆይቶ ቆዳው ይጠቁራል፥ ያሳክካል፥ በቀላሉ የማይድን ቁስልም ሊያወጣ ይችላል። ታማሚዋ ግን «ሰነፈች» እንዳትባል ለአለቃዋ አትናገርም። እኛን ከሕመሙ ይልቅ ያስቆጨን ይህ ዝምታ ነው።

አንዳንዶች «ነርስ ከተቀመጠች በሽተኛ ተረሳ» ይላሉ። አንስማማም። መዝገብ ለመጻፍና መድኃኒት ለመቁጠር መቆም አያስፈልግም። በተራ መካከል እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፥ ቆመውም ሳለ ተረከዝን ማንሣትና ማውረድ ገንዘብ አይጠይቅም። ጠበቅ ያለው ረጅም ካልሲ ይጠይቃል፤ እርሱንም ጠዋት እግር ሳያብጥ ማድረግ ይገባል፥ ደም ቅዳው ለጠበበ ሰው ስለሚጎዳ ግን አስቀድሞ ሐኪም ይየው።

ማኅበራችን በየክፍሉ ወንበር እንዲጨመር ለሆስፒታሎቹ አስተዳደር የሚያቀርበው ጽሑፍ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሳትወጡ ፊርማችሁን እንድታኖሩ እንለምናለን።